የገንቦዎቹ ወዳጅ ሰር ዊልያም ሃሚልተን

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ አንዱ የክፍል ጓደኛችን ፈጥኖ የእንግሊዙን የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰንን ወሰደብን። የኔልሰን ታሪክ በተነገረ ቁጥር ግን ከዳር ቆሞ የሚታይ አንድ ሽማግሌ አለ፤ እርሱም ሰር ዊልያም ሃሚልተን ይባላል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ኔልሰን የወደዳት የኤማ ባል እንደ ነበረ ብቻ ነው፤ ይህንኑም እያነሣ ይስቅበታል። እኛ ስሙን ያገኘነው በሌላ በር ነው። በአንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ መልኩ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ፣ በላዩም ነጫጭ ሰዎች የተቀረጹበት የብርጭቆ ገንቦ አየንና ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ዞረ ስንከታተል ከዚህ ሰው ደጃፍ ደረስን። ስለዚህ ኔልሰንን ለጓደኛችን ትተን ሽማግሌውን ወሰድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ዊልያም ሃሚልተን በ1730 ተወለደ። አባቱ ሎርድ አርኪባልድ ሃሚልተን ከስኮትላንድ ታላላቅ መኳንንት ዘር የተወለደና የጃማይካ ደሴት ገዥ የነበረ ሰው ነው። እናቱ በእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በፍሬድሪክ ቤት ባለሟል ስለ ነበረች፣ ልጁ ከፍሬድሪክ ልጅ ጋር፣ ማለት በኋላ ሣልሳዊ ጆርጅ ተብሎ ከነገሠው ጋር፣ እንደ ወንድም ሆኖ አደገ። ይህን ያየ ሰው ምን ጎደለበት ሊል ይችላል። ነገር ግን አራተኛ ወንድ ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ መኳንንት ደንብ ርስቱም ማዕረጉም ለበኵር ልጅ ስለሚያልፍ፣ ለአራተኛው የሚደርሰው ትልቅ ስምና ቀላል ኪስ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ነገር የሚያስረዳ እርሱ ነውና።

በዌስትሚንስተር ተማሪ ቤት ከተማረ በኋላ በ1747 ወደ ዘበኛ እግረኛ ጦር ገብቶ ዐሥር ዓመት ያህል አገለገለ። በ1758 ካትሪን ባርሎው የተባለች፣ በዌልስ አገር የሰፊ ርስት ወራሽ የሆነች ወይዘሪት አገባና ከጦር ሠራዊት ወጣ። ካትሪን ጤናዋ ደካማ፣ ጠባይዋ ለስላሳ፣ ከፒያኖ በፊት የነበረውን ሃርፕሲኮርድ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ በመምታትም እጅግ የተመሰገነች ሴት ነበረች። ለጤናዋ ሞቃት አገር ይስማማታል ስለ ተባለ ሃሚልተን በደቡብ ኢጣልያ ሹመት ፈለገ፤ በ1764ም የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ወደ ናፖሊ ሄደ። በዚያም እስከ 1800 ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቀመጠ።

ናፖሊ በዚያ ጊዜ የራስዋ ንጉሥ የነበራት አገር ነበረች። ወደ እኛ አገር መለስ ብለን ብናስበው፣ ዐፄ ኢዮአስ በጎንደር ነግሠው የነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ንጉሡ ፈርዲናንድ ገና ልጅ፣ ካደገም በኋላ ከመንግሥት ጉዳይ ይልቅ አደን የሚወድ ሰው ስለ ነበረ የመልእክተኛው ሥራ ብዙ አልነበረም። ሃሚልተን ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ከከተማው አጠገብ የቬሱቪዮስ ተራራ ይጨሳል፤ ስለዚህ ወጥቶ ያይ ጀመር። ከስልሳ ጊዜ በላይ እንደ ወጣ ይነገራል። በ1767 እሳቱ በፈነዳ ጊዜ ተራራው ላይ ስለ ነበረ ሮጦ ነው ያመለጠ። ያየውንና የለካውን ሁሉ ለንደን ወደሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር ይጽፍ ነበርና ማኅበሩ በ1770 ኮፕሊ የተባለውን ትልቅ ሜዳይ ሸለመው። በዚያው ዓመት የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ሞዛርት ከአባቱ ጋር ናፖሊ መጥቶ በሃሚልተን ቤት የካትሪንን ሙዚቃ ሰማ። በዚያው ዓመት ደግሞ የእነርሱ አገር ሰው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። የተለያዩ የሚመስሉን ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ተገናኝተው ስናገኛቸው እኛን በጣም ያስደንቀናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከናፖሊ አጠገብ በ79 ዓመተ ምሕረት በአመድ የተቀበረችው ፖምፔ ከ1748 ጀምሮ ትቈፈር ነበር። ከዚያ የሚወጣው ሁሉ ግን የንጉሡ ነው። ሃሚልተን ስለዚህ ዐይኑን ሌላው ሰው ብዙም ወደማይመለከተው ዕቃ አዞረ፤ ይኸውም በዙሪያው ባሉት ጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ ከሬሳው አጠገብ ተደርድረው የሚገኙት፣ በጥቁርና በቀይ መልክ ሰውና ፈረስ የተሣለባቸው የሸክላ ገንቦዎች ናቸው። በዚያ ጊዜ ብዙዎች ኤትሩስካውያን የተባሉ የጥንት የኢጣልያ ሰዎች ሥራ ይመስሏቸው ነበር። ሃሚልተን ግን የግሪኮች ሥራ ናቸው ብለው ከተከራከሩት አንዱ ነው፤ ክርክሩም እውነት ሆኖ ተገኘ። መቃብር ሲከፈት ራሱ ቆሞ ያይ ነበር፤ ገንቦው በስተ ግራ ይሁን በስተ ቀኝ፣ በራስጌ ይሁን በግርጌ ይጠይቅ ነበር። ሌሎች መኳንንት የሚገዙት ለቤታቸው ጌጥ ሲሆን እርሱ የሚገዛው ሊማርበትም ነበር።

በስምንት ዓመት ውስጥ ያከማቸው ነገር ያስገርማል። ሰባት መቶ ሠላሳ ገንቦዎች፣ ሦስት መቶ ያህል የጥንት የብርጭቆ ዕቃዎች፣ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ገንዘቦችና ብዙ የነሐስ ሥራ ነበረው። ይህንንም ሁሉ ለራሱ ብቻ አልቈለፈበትም። ዳንካርቪል የተባለ ፈረንሳዊ ቀጥሮ የገንቦዎቹን ሥዕል በቀለም ያሳየ፣ አራት ታላላቅ ቅጽ ያለው መጽሐፍ አሳተመ። ዳንካርቪል ዐዋቂ ነበረ፤ ነገር ግን በዕዳ የሚፈለግ ሰው ስለ ነበረ ከናፖሊ ኮብልሎ የመጽሐፉን የመዳብ ሰሌዳዎች በመያዣነት እስከ መስጠት ደረሰ። በዚህ ምክንያት የመጽሐፉ ፍጻሜ እስከ 1776 ዘገየ። ቢሆንም ከሥዕሎቹ ጥቂቶቹ ቀድመው እንግሊዝ አገር ጆሳያ ዌጅዉድ ለተባለ ሸክላ ሠሪ ደረሱትና በ1769 አዲሱን ፋብሪካውን ሲከፍት የመጀመሪያዎቹን ገንቦዎች በእነርሱ አምሳል ሠራ። የፋብሪካውንም ስም ኤትሩሪያ አለው። ስሙ የተሳሳተ ነው፤ ዕቃው ግን ጥሩ ነበር።

በ1772 ሃሚልተን ስብስቡን ሁሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጠ። ፓርላማው የከፈለው ዋጋ ስምንት ሺህ አራት መቶ ፓውንድ ገደማ ነበር። ሙዚየሙ ከተመሠረተ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ በአብዛኛው መጻሕፍትና የደረቁ እንስሳት ነበሩበት፤ የግሪክና የሮማ ክፍል መሠረት የሆነው ይህ የሃሚልተን ስብስብ ነው። ዌጅዉድ ቈየት ብሎ እንደ ተናገረው፣ እነዚህን ገንቦዎች አስመስሎ በመሥራት በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ፓርላማው ከከፈለው ሦስት እጥፍ ገንዘብ ወደ አገሩ አስገብቷል። በዚያው በ1772 ንጉሡ የባዝ ኒሻን ሰጥተውት ሰር ዊልያም ተባለ።

እዚህ ላይ በክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ይህ ሰው ዕቃ ወዳድ ሳይሆን ነጋዴ ነው አልን፤ ምክንያቱም ወደደ፣ ገዛ፣ ሸጠ፣ ደግሞም ሌላ ገዛ። ሌሎቻችን ደግሞ አራተኛ ልጅ ምን ያድርግ፤ ካልሸጠ መግዣ የለውም አልን። ሁለቱም እውነት ይመስለናል። ደመወዙ ለመልእክተኛ ቤት ግብር እንኳ አይበቃም ነበር፤ የሚኖረውም በአብዛኛው ከካትሪን ርስት በሚገባው ገንዘብ ነው። ዝም ብለን ልናልፈው የማንችለው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የናፖሊ መንግሥት በ1755 ባወጣው ዐዋጅ የጥንት ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር። ሰር ዊልያም ሕጉን ያውቃል፤ በመልእክተኛነቱም የንጉሡ እንግዳ ነው፤ ቢሆንም ሣጥኖቹ በመርከብ ወጡ። ከዚህ የሚያንስ ሰው ቢሆን ኮንትሮባንድ ይባል ነበር። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች በዚያው ሙዚየም ውስጥ እንደሚገኙ የምናውቅ እኛ፣ የናፖሊ ሰዎች ምን እንደ ተሰማቸው ለመገመት አይቸግረንም።

እንግዲህ ስለ ሰማያዊው ገንቦ እንንገር። ቁመቱ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ያህል፣ ማለት ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ሁለት ጆሮ አለው። የተሠራው በሮማውያን ዘመን፣ ወደ ክርስቶስ ልደት ግድም እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ካሜዎ ብርጭቆ ይሉታል። አሠራሩን ስናነብ ለምን ጥቂት ብቻ እንደ ተረፈ ገባን። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሠራተኛው በቱቦ ጫፍ የያዘውን ትኩስ ሰማያዊ ብርጭቆ በቀለጠ ነጭ ብርጭቆ ውስጥ እስከ ትከሻው ድረስ ይነክረዋል። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይነፋሉ። ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኰማተሩ ይሰነጠቃል፤ ድካሙም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በደኅና ከቀዘቀዘ ገንቦው ዕንቍ ለሚቀርጽ ባለሙያ ይሰጣል። እርሱም ነጩን ልባጥ በትንሽ በትንሹ እየፈቀፈቀ ሰማያዊውን ይገልጣል፤ የሰውን ገላ በሚያሳይበት ስፍራ ነጩን ያወፍረዋል፤ ጨርቅ ወይም የዛፍ ቅጠል በሚያሳይበት ስፍራ ግን እጅግ ያሳሳዋልና ሰማያዊው ከሥር ብቅ እያለ እንደ ጥላ ይሆናል። አንድ ጊዜ እጁ ቢስት መመለሻ የለውም። በሸክላ ላይ የተሳሳተ ሰው ጭቃውን አድቦልቡሎ እንደ ገና ይጀምራል፤ በብርጭቆ ላይ ግን ሁለት ዓመት የደከመበት በአንድ ምት ይጠፋል። ፈጽመው ሳይሰበሩ ከሮማውያን ዘመን የደረሱት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

በዚህ ገንቦ ላይ ሰባት ሰዎች ተቀርጸዋል። አንድ ጐልማሳ ወደ ተቀመጠች ሴት እጁን ዘርግቶ ይሄዳል፤ ክንፍ ያለው ሕፃን በላዩ ይበርራል፤ በሴትዮዋ ጭን ላይ የባሕር እባብ የሚመስል አለ። በሌላው ወገን ሌላ ሴት በጭንጫ ላይ ተጋድማ ችቦዋ ከእጅዋ ሊወድቅ ዘንበል ብሏል። የማን ታሪክ እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ የግሪክ ተረት ነው የሚሉ አሉ፤ የአውግስጦስ ቄሣር ቤተ ሰብ ነው የሚሉም አሉ። እኛ የመሰለንን ለመናገር አንደፍርም፤ የተጋደመችው ሴት ግን ያዘነች ትመስላለች።

ገንቦው በ1600 ግድም ሮማ ከተማ በካርዲናል ዴል ሞንቴ ቤት እንደ ነበረ ተጽፏል። እርሱ ከሞተ በኋላ ባርቤሪኒ የተባሉ ታላላቅ ቤተ ሰቦች ገዙትና መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል በቤተ መንግሥታቸው ቈየ። ብዙ ተመልካቾች ከድንጋይ የተፈለፈለ ይመስላቸው ነበር። በመጨረሻ ግን ለአንዲት የባርቤሪኒ ወይዘሮ ደረሰና እርስዋ በካርታ ጨዋታ ስለ ተበላች ለዕዳዋ መክፈያ ጄምስ ባይርስ ለተባለ በሮማ ለሚነግድ ስኮትላንዳዊ ሸጠችው። መቶ ኀምሳ ዓመት የተጠበቀ ዕቃ በካርታ ሄደ።

ባይርስ ገንቦውን ለሰር ዊልያም አሳየው። ሰር ዊልያም የገንቦ ስብስቡን ከሸጠ በኋላ ከእንግዲህ ብዙ ገንዘብ በዕቃ ላይ አላወጣም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ባየ ጊዜ ራሱን መግታት አልቻለም። ዋጋው አንድ ሺህ ፓውንድ ነው። በእጁ ስላልነበረው በወለድ የሚከፈል የዕዳ ወረቀት ፈረመና ወሰደው። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ሂሳብ የሚያውቅ፣ ስንት ዕቃ በእጁ ያለፈ ሰው፣ ገና ሲያየው ዕዳ ገባ። እኛ ሰር ዊልያምን በእርግጥ የወደድነው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ይከራከር ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤቱ ባዶ ሆነ። ካትሪን በ1782 በነሐሴ ወር ሞተች። ሃያ አራት ዓመት አብራው ስትኖር እርሱ ከንጉሡ ጋር አደን ሲውል፣ በተራራው ላይ ሲያድር፣ ከነጋዴዎች ጋር ሲከራከር፣ እርስዋ አብዛኛውን ጊዜ ከሙዚቃዋ ጋር ብቻዋን ነበረች። ክፉ ባል ነበር ማለታችን አይደለም፤ ዐይኑ ሌላ ቦታ ነበር። በ1783 ፈቃድ ተቀብሎ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ አስከሬንዋ በዌልስ በስሌቤክ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ሰማያዊውም ገንቦ በዚያው ጉዞ ለንደን ደረሰ። አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ሚስቱን ሊቀብርና በዕዳ የገዛውን ገንቦ ሊሸጥ መሄዱን ስናስብ ምን እንደምንል አናውቅም።

መሸጡ አልቀረም፤ ወለዱ ይጨምር ነበርና። ገዢዋ የፖርትላንድ ዱከስ የነበረች ማርጋሬት ቤንቲንክ የተባለች ባለጸጋ መበለት ናት። ዛጎል፣ ነፍሳት፣ ዕፀዋት፣ ያማረ ዕቃ ሁሉ ትሰበስብ ነበር። ነገሩ ከቤተ ሰቦችዋ እንዲሰወር ስለ ፈለገች ድርድሩ በድብቅ ሆነ፤ መልእክት የምታመላልሰውም የሰር ዊልያም የወንድም ልጅ ሜሪ ነበረች። በ1784 ገንቦው ከጥቂት ሌሎች ዕቃዎች ጋር በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ጊኒ ተሸጠ፤ ጊኒ ማለት አንድ ፓውንድ ከአንድ ሽልንግ ነው። ሰር ዊልያም በዕድሜው ሁሉ ካገኛቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠውን ይህን ገንቦ በእጁ ያቈየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ዱከስዋም ብዙ አልቈየችበትም፤ በ1785 ሞተች። በ1786 ስብስብዋ በሐራጅ ሲሸጥ ልጅዋ ገንቦውን በዘጠኝ መቶ ሰማንያ ጊኒ መልሶ ገዛው። ከዚህም የተነሣ ባርቤሪኒ ይባል የነበረው እስከ ዛሬ የፖርትላንድ ገንቦ ተባለ። ሃሚልተን የሚል ስም አልወጣለትም።

ዌጅዉድ ወዲያው ገንቦውን ተዋሰ። ጃስፐር ከሚባለው ሸክላው ሊያስመስለው ሦስት ዓመት ያህል ለፋ፤ ሸክላው በምድጃ ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ ነጩም እንደ ብርጭቆው ሳስቶ ሰማያዊውን አያሳይም። ለሰር ዊልያም እየጻፈ ያማክረው ነበር። በ1789 አንዱ ደኅና ሆኖ ወጣ። ሰር ዊልያም ቅጂውን ባየ ጊዜ አመሰገነው። ያጣውን ዕቃ በሸክላ ሲያየው ሌላ ምን እንደ ተሰማው አልጻፈም።

ስለ ኤማ ጓደኛችን ስለሚጽፍ እኛ በአጭሩ እናልፋለን። የአንጥረኛ ልጅ፣ ድኻ ሆና ያደገች፣ መልክዋ የሚያምር፣ በ1786 ወደ ናፖሊ የመጣች ሴት ናት። በ1791 ሲጋቡ እርሱ ስልሳ፣ እርስዋ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ነበሩ። ሰር ዊልያም አስተማራት፤ እርስዋም ከገንቦዎቹ ላይ እንዳሉት ሴቶች ለብሳ ለእንግዶች ልክ እንደ እነርሱ ቆማ ታሳይ ነበር። ሰዎች ሕያው ገንቦ ሰበሰበ ብለው አሾፉበት። ቀልዱ ክፉ ነው፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው ግን ለማለት አንችልም።

ከ1789 ጀምሮ ሰር ዊልያም ሁለተኛ የሸክላ ስብስብ ማከማቸት ጀምሮ ነበር። ይህንንም ቲሽባይን የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ እንዲሥለው አድርጎ በመጽሐፍ አሳተመው፤ በዚህ ጊዜ ተማሪዎችና ወጣት ሠዓሊዎች ሊገዙት እንዲችሉ ያለ ቀለም በመስመር ብቻ፣ በርካሽ እንዲሆን አዘዘ። እኛ ተማሪዎች ለዚህ እናመሰግነዋለን።

በ1798 የፈረንሳይ ጦር ወደ ናፖሊ ተቃረበ። ሰር ዊልያም ገንቦዎቹን በሃያ አራት ሣጥን አሳሰረና ስምንቱ ኮሎሰስ በተባለ የእንግሊዝ ጦር መርከብ ተጫኑ። ራሱ በታኅሣሥ ወር ከንጉሡ ቤተ ሰብ ጋር በኔልሰን መርከብ ወደ ፓሌርሞ ሸሸ። ማዕበሉ ከባድ ነበር። ፓሌርሞ ተቀምጦ ሳለ ወሬ ደረሰው፤ ኮሎሰስ በታኅሣሥ 10 ቀን በእንግሊዝ ምዕራብ ባሉት በሲሊ ደሴቶች አጠገብ ሰጥሟል። መርከበኞቹ ከአንድ ሰው በቀር ተርፈዋል፤ ገንቦዎቹ ግን ከባሕር በታች ናቸው። ሌላም ነገር ይወራል። መርከቡ ሲሰጥም መርከበኞቹ አንድ ትልቅ ሣጥን በብርቱ ድካም አድነው ነበር፤ የሰር ዊልያም ሀብት መስሏቸው ሲከፍቱት በፖርቱጋል የሞተ የአንድ የእንግሊዝ አድሚራል አስከሬን ሆነ ይባላል። ሰር ዊልያም በዚያ ጊዜ የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ቤቱን ጥሎ መጥቷል፣ ዕዳ አለበት፣ ኔልሰንና ኤማም በዐይኑ ፊት ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ኤማ ለምን ዝም አለ እያለ ይጠይቃል። በዚያ ክረምት ስለ ገንቦዎቹ ሲያዝን የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ቀርተዋል።

በ1800 ከሹመቱ ተሽሮ ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1801 የቀሩት ሣጥኖች ሲከፈቱ ጠፉ ብሎ ካለቀሰባቸው ምርጥ ገንቦዎች ብዙዎቹ በደኅና ተገኙ፤ ከመርከቡ ጋር የሰጠሙት አነስ ያሉት ነበሩ። ደስታው ግን አጭር ነው፤ በዚያው ዓመት ስለ ዕዳው ለቶማስ ሆፕ በአራት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አራት ፓውንድ ሸጣቸው። ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ገንቦ አልነበረውም። በሚያዝያ 6 ቀን 1803 ኤማና ኔልሰን በግራና በቀኝ ሆነው አረፈ። የተቀበረው ግን በፊት ለካትሪን በገባላት ቃል መሠረት በስሌቤክ፣ በእርስዋ አጠገብ ነው።

ሰማያዊው ገንቦ በ1810 በአደራ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ ከሰር ዊልያም የመጀመሪያ ስብስብ ጋርም በአንድ ቤት ተገናኘ። በየካቲት 7 ቀን 1845 ስሙን ዊልያም ሎይድ ያለ፣ ሲጠጣ የሰነበተ ወጣት በአጠገቡ የነበረውን ድንጋይ አንሥቶ ወረወረበትና ሁለት መቶ ያህል ስብርባሪ አደረገው። የዚያን ጊዜ ሕግ ከአምስት ፓውንድ ዋጋ በላይ ስላለው ዕቃ አይናገርም ነበርና ወጣቱ የተፈረደበት ገንቦው ስለ ተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን ብቻ ሦስት ፓውንድ ነው። ጠጋኙ ጆን ደብልዴይ በዚያው ዓመት ገጣጠመው፤ ሠላሳ ሰባት ትናንሽ ስብርባሪዎች ግን ቦታቸው ጠፍቶት በእጁ ቀሩ። በ1989 በተፈጸመው እድሳት ከእነዚያ ብዙዎቹ ወደ ስፍራቸው ገቡ። ሙዚየሙም ገንቦውን በ1945 ገዝቶ የራሱ አድርጎታል። በመካከሉ ጆን ኖርዝዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ከ1873 እስከ 1876 ሦስት ዓመት ተቀምጦ በእውነተኛ ብርጭቆ ቀርጾ አስመሰለው፤ ከዚያ ወዲህ በስታወርብሪጅ ከተማ የካሜዎ ብርጭቆ ሥራ እንደ ገና ተነሣ። ዛሬ ሰብሳቢዎች በየሐራጁ የሚሻሙባቸው ብዙዎቹ የእንግሊዝ ካሜዎ ገንቦዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ደግሞ ከሰር ዊልያም ሞት ሠላሳ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1837፣ ከፖምፔ መቃብር ሌላ ሰማያዊ ካሜዎ ገንቦ ወጣ፤ ወይን የሚለቅሙ ሕፃናት ተቀርጸውበታል። እርሱ ይረግጠው በነበረው መሬት ሥር ነበረ፤ ከአገሩም አልወጣም፤ ናፖሊ ሙዚየም ውስጥ አለ።

የኮሎሰስ ስብርባሪ በ1974 በጠላቂዎች ተገኘ። ከአሸዋው ውስጥ ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ የገንቦ ገል ለቅመው አወጡ፤ ገሉም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰደ። ሠራተኞቹ የቲሽባይንን የመስመር ሥዕሎች ከፊታቸው ዘርግተው፣ ይህ የፈረስ እግር ነው፣ ይህ የሴት ቀሚስ ነው እያሉ፣ ከመቶ ኀምሳ በላይ ዓመት ባሕር ውስጥ የነበሩትን የሰር ዊልያምን ገንቦዎች ገል በገል መግጠም ጀመሩ።